የጀልበኛ ግብዣ

ታጁሲር አገሩ ኦምዱርማን ሳለ የራሱ የመነጽር ሱቅ ነበረው። ጦርነቱ ሱቁንም ሰፈሩንም አንድ ላይ በላው። ካይሮ ከገባ በኋላ ብዙ ተንከራቶ በፈይሰል መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ መስታወት ሞርዶ በፍሬም ልክ መግጠም። ባለቤቱ ሐጅ ወጂህ የመጀመሪያውን ቀን እጁን ሲያዩ ውለው፣ «እስከ ረመዳን አብረን እንሥራ፤ ከዚያ አላህ ያውቃል» አሉት።

ይህ አነጋገር ቅጥር ይሁን ስንብት ከሐጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ታጁሲር ግን ማወቅ ነበረበት። ሥራው ካልጸናለት ሚስቱን ኢስቲቅላልን ይዞ አስዋን፣ ወንድሟ ቤት መመለሱ ነው። መጀመሪያ ሲሰደዱ ያረፉት እዚያ ነበር። የሚስት ወንድም ቤት ደግሞ አንድ ጊዜ ይገባበታል እንጂ ሁለተኛ አያምርም።

ጠዋት ጠዋት ሐጅና ሌላው ሠራተኛ ረጋኢ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ፉላቸውን ያቀርቡና «እንብላ ታጅ» ይላሉ። ታጁሲር እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። እሱ ባደገበት አገር እንብላ ተብሎ የማይቀመጥ ሰው ቂም የያዘ ሰው ነው። እንዲያውም እዚያ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት መንገደኛን እጁን ጎትቶ ማዕድ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። መኪናውን አስቁመው አስወርደው ያበሉታል፤ ቸኩያለሁ ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ታጁሲር በየጠዋቱ በላ። ረጋኢም በየጠዋቱ አንድ ዳቦ ጨምሮ መግዛት ጀመረ።

አንድ ሐሙስ ማታ ሐጅ በሩን እየቆለፉ፣ «ነገ ጁምዓ አይደል ታጅ፤ ሚስትህን ይዘህ ምሳ እኛ ጋ ና። ሐጃ ኢንሳፍ ደስ ይላታል» አሉት።

«እሺ ሐጅ። ቤትዎ የት ነው?»

ሐጅ መንገድ ጀምረው ነበርና ቆም አሉ። «ኢምባባ፣ ከትልቁ ዳቦ ቤት በላይ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያም የሸሹ በሚመስል እርምጃ ሄዱ።

በማግስቱ ባልና ሚስት ታጥበው ለብሰው፣ አንድ ካርቶን ብርቱካን ተሸክመው ኢምባባ ደረሱ። በሩን የከፈቱት ሐጃ ኢንሳፍ በቤት ቀሚስ ነበሩ። እንግዶቹን አዩ፤ ወደ ባላቸው ዞሩ፤ ባላቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ታጁሲር በደግ ተረጎመው። ሐጃ ጎረቤት ወጥተው በጨርቅ የተሸፈነ ዶሮ ይዘው ሲመለሱ ጎረቤቱ ያከብራቸዋል አለ። ምሳው ለአስር ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሲቀርብ እነዚህ ሰዎች ለእንግዳ ተጠንቅቀው ነው የሚያበስሉት አለ። ሙሉኺያው፣ ያ አረንጓዴ የቅጠል ወጥ፣ ግን በእውነት ግሩም ነበር። ኢስቲቅላል ማጀት ገብታ ከሐጃ ጋር ሳህን ስታጥብ፣ ሁለቱ ሴቶች እስኪመሽ ሲሳሳቁ ተሰሙ።

ቅዳሜ ሐጅ ዕቃ ሊገዙ እንደወጡ ረጋኢ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

«ባሻዬ፣ እውነት ሄድክ?»

«ጠሩኝ፣ ሄድኩ።»

«ያ እኮ የጀልበኛ ግብዣ ነው! ሰውየው አባይ መሀል ጀልባው ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ አንተ ዳር ቆመሃል። ‹ና እንብላ!› ይልሃል። እንደማትደርስ ስለሚያውቅ ነው የሚጠራህ።»

ታጁሲር የያዘውን መስታወት አስቀመጠ። «ፉሉስ?»

«ፉሉም» አለ ረጋኢ፣ ትንሽ አዘነለት። «ቅር እንዳይልህ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እኔ ልንገርህ። አንዴ ከጠሩህ አመስግነህ እለፍ። ሁለቴም ቢሆን እለፍ። ሦስቴ ካሉህና ከማሉልህ ያን ጊዜ ከልብ ነው።»

ታጁሲር እስከዚያ ቀን የበላው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ አፈጠጠበት። ከሁሉም የከፋው የጎረቤት ዶሮ ነበር። ሰው ባላሰናዳው ማዕድ ላይ ጥርሱን ሲፍቅ መዋሉን ሲያስብ ጆሮው ድረስ ጋለ። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን አጥብቆ ያዘ፤ ካለመጠን አጥብቆ። እንብላ ሲሉት «አላህ ይባርክላችሁ» ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። ሻይ ሲሉት ጠጥቻለሁ፣ ሲጋራ ሲሉት ትቻለሁ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አንዴ ከያዘ እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ጨዋ አድርጎ ከሰው ይለየዋል።

ሐጅ ይህን አልወደዱትም። «ይሄ ሰውዬ ምን አድርገነው ነው? ፉላችን ጎመዘዘው?» አሉ። ረጋኢ ትከሻውን ነቀነቀ። የሱ ትምህርት መሆኑን አውጥቶ አልተናገረም።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በመጨረሻው ሐሙስ፣ ሐጅ አንድ ፍሬም እየወለወሉ ቀና ሳይሉ፣ «ታጅ፣ ቤቱ ቤትህ ነው። ከእኛ ጋር ሁን» አሉት።

የታጁሲር ልብ ዘለለ። ግን ሐጅ አልማሉም። ሁለተኛውን ጠበቀ፤ አልመጣም። ሰውየው ስንት ሳምንት እንብላ ብለው እምቢ የተባሉ ናቸው፤ እሳቸውም ልብ አላቸው። ታጁሲር፣ «አላህ ያክብርልኝ ሐጅ፣ ውለታዎን አልረሳም» አለና ሽርጡንና የራሱን መሞረጃ በከረጢት ከቶ ወጣ። ሁለቱም እምቢ ተባልኩ ብለው አደሩ።

ቅዳሜ አልሄደም። ኢስቲቅላል ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ እያሰረች ትነዘንዘው ነበር።

«ሄደህ ለምን አትጠይቃቸውም? አፍ የለህም?»

«እዚህ እንደዚያ አይጠየቅም።»

«ማን ነገረህ?»

«ረጋኢ።»

«ቀጣሪህ ረጋኢ ነው?»

ምሳ ቀርቦ ሊበሉ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ሐጅ ወጂህ ናቸው፤ አምስት ፎቅ በእግር ወጥተው ትንፋሻቸው አጥሯል።

«እንብላ ሐጅ» አለች ኢስቲቅላል።

«በልቻለሁ፤ አላህ ይባርክላችሁ።»

ታጁሲር የተማረውን ሁሉ ረሳ። የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ጎትቶ ትሪው አጠገብ አስቀመጣቸውና የአገሩን ስስ እንጀራ፣ ኪስራ፣ ቆርሶ ባሚያ ወጥ አጥቅሶ በእጃቸው ሰጣቸው። ሐጅ በሉ። ደግመውም ቆረሱ። ከዚያ የታሰረውን ፍራሽ አዩት።

«እውነት ልትሄድ ነው? ሁን ብዬህ እምቢ አልከኝ እኮ።»

«አንዴ ነው ያሉኝ።»

«ስንቴ ልበል ታዲያ? ጨረታ ነው?»

ታጁሲር አቀርቅሮ የረጋኢን ትምህርት ነገራቸው። ስለ ዶሮውም ይቅርታ ጠየቀ። ሐጅ ማላመጣቸውን አቆሙ።

«ረጋኢ አልዋሸህም። ያን ቀን ለአፌ ነው የጠራሁህ፤ እቤት የነበረው አይብና ዳቦ ነው» አሉ። «ልጆቼ አንዱ ኩዌት አንዷ ሚላን ናቸው። እኛ ኑ እንላለን፣ እነሱ እንመጣለን ይላሉ፤ በየበጋው እንዲህ እንባባላለን። ሐጃ እስከ ዛሬ የምታወራው ያንን ጁምዓ ነው። ‹ና ተብሎ የመጣ ሰው አየሁ› ትላለች።»

ኢስቲቅላል ባሏን በክርኗ ጎሰመችው።

«ሐጅ፣ ቀጥ አድርጌ ልጠይቅዎ» አለ ታጁሲር። «ሥራው የእኔ ነው ወይስ አይደለም?»

ሐጅ ወጂህ በዕድሜያቸው እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም። «አላህ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። እጃቸው ላይ የቀረውን ኪስራ አዩ፣ ቀጥሎ ታጁሲርን።

«ያንተ ነው» አሉ።

ኢስቲቅላል ተነስታ ገመዱን መፍታት ጀመረች።