የሆርዶፋ ቁልፎች

ሆርዶፋ ነጋሳ የጊንጪ ልጅ ነው። ሂሳብ ተምሮ፣ ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ ስለ ኮምፒዩተር ሠልጥኖ ሲመለስ፣ በ1981 ዓ.ም. አምቦ በሚገኝ አንድ የምርጥ ዘር መሥሪያ ቤት ተመደበ። እዚያ በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር ከነማውሱ ጨርቅ ለብሶ ጠበቀው። አቧራውን ከመጥረግ በቀር የሚጠጋው ሰው አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ካልጻፉለት አይሠራማ።

የዘር መጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ወርቅቱ፣ “ልጄ፣ እኔና ይሄ ዕቃ ቋንቋችን አልተገናኘም” አሉት።

“እንግዲያው ሳይጽፉ እንዲያዝዙት አደርጋለሁ” አላቸው።

ሐሳቡ በስክሪኑ አናት ላይ ሥዕል ያለባቸው ትናንሽ ቁልፎች መደርደር ነበር። ሥዕሉን በማውስ ሲጫኑት ሥራው ይሠራል። ፕሮግራሙን መጻፍ አላስቸገረውም፤ ያቃተው ሥዕሉ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ከጥቃቅን ነጥቦች ይገጣጠማል፣ የሆርዶፋ እጅ ደግሞ ለዚህ አልታደለም። ለአዲስ ዘር መመዝገቢያ ጆንያ ቢስል፣ ወይዘሮ ወርቅቱ አየት አድርገው፣ “ሽንኩርቱ ምን ያደርጋል?” ብለው ጠየቁት።

አንድ እሁድ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ፣ ጎረቤቱ አመለሸጋ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትጠልፋለች። የአዲስ ዓለም ልጅ ናት፤ አምቦ የእጅ ሥራ ታስተምራለች። በአንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሆርዶፋ ጠጋ ብሎ ጥልፉን ሲያይ፣ በጠረጴዛ ልብሱ ላይ ያለችው ቆቅ ከምንቃሯ እስከ እግሯ ከትናንሽ የክር መስቀሎች የተሠራች ናት። ልክ እንደ ኮምፒዩተሩ ነጥቦች።

“አመለሸጋ፣ ጆንያ መጥለፍ ትችያለሽ?”

“ጆንያ? ማን ነው የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ጆንያ የሚፈልገው?” ብላ ሳቀች።

ነገሩን ሲያስረዳት ግን ጥልፏን አስቀምጣ ባለ ካሬ ወረቀት አመጣች። ካሬዎቹን በእርሳስ እያጠቆረች አፉ የታሰረ ጆንያ፣ ሚዛን፣ እርሳስና ለመሰረዣ የሚሆን መጥረጊያ ሠራችለት። ከዚያ የእሱን ንድፍ አየች፤ የስክሪኑን አናት ከዳር እስከ ዳር በቁልፍ ሞልቶታል።

“ጨርቁን ሁሉ ጥልፍ ከሞላሁት ዓይን የት ያርፋል?” አለችው። “የሚዛመዱትን አንድ ላይ አድርግና መሀላቸው ክፍተት ተው። ከሥራቸው ጠቆር ያለ መስመር ብትጨምርበት ደግሞ ብድግ ያሉ ይመስላሉ።”

መስመሩ ከላይ ቢሆንስ? ቁልፉ የገባ ይመስላል። ሆርዶፋ ይህ ሲታየው ምሳውን ሳይበላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ከነፈ።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የተቀመጡት ወይዘሮ ወርቅቱ ናቸው። ጆንያውን ሲጫኑት ሰርጎድ ሲል ፈገግ አሉ፤ ረፋዱን ሙሉ የገብስ ዘር ሲመዘግቡ ቆዩ። ታዲያ እርሳሱን እጫናለሁ ሲሉ እጃቸው አጠገቡ ያለውን መጥረጊያ ነካ። ገብሱ ሁሉ ጠፋ።

ሆርዶፋ ፊቱ ዐመድ መሰለ። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጎን ለጎን ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።”

“እኔስ ቤቴ መጥረጊያና ሊጥ ጎን ለጎን አላስቀምጥም” አሉና ገብሱን እንደገና መመዝገብ ጀመሩ። እሱም በማግስቱ መጥረጊያውን ዳር ላይ ብቻውን አስቀመጠው፤ ከመሰረዙም በፊት እንዲጠይቅ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ተራ እየያዘ ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሆርዶፋም አዲስ ሥዕል የሚያስፈልገው ቁልፍ አላጣም። ቁልፍ ሲጠፋ እንኳ የአመለሸጋን ደጃፍ አላጣውም።

በዓመቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ጉደታ ሽማግሌ ሆነው አዲስ ዓለም ሄዱ። የአመለሸጋ አባት አቶ ተድላ፣ “ልጁ ምን ይሠራል?” ሲሉ ጠየቋቸው። ኦቦ ጉደታ እንዴት እንደሚያስረዱ ቸገራቸው።

“ቁልፍ ይሠራል” አሉ በመጨረሻ።

“ጥሩ ሙያ ነው” አሉ አቶ ተድላ።

ሆርዶፋ እጮኛ ሆኖ መጀመሪያ እዚያ ቤት የገባ ዕለት፣ አቶ ተድላ ከበር የተነቀለ የዛገ ቁልፍ አምጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። “እስቲ ሙያህን ልየው።” ሆርዶፋ ወደ አመለሸጋ ዞረ፤ እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ልትረዳው አላሰበችም። ኮቱን አወለቀ፣ ጋዝና ሚስማር ጠየቀ፣ ምሳ እስኪደርስ ፈታታው። መልሶ ሲገጥመው አንዲት ብረት ተረፈችው፤ ቁልፉ ግን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

አቶ ተድላ የተረፈችውን ብረት አገላብጠው አዩና፣ “ድሮም ያበላሸችው እሷ ትሆናለች” ብለው ወደ ማዕድ ጠሩት።