በር ሥር ያለው አልጋ

በሆቴሉ «ሲስተር» ይሏታል፣ ገና ሳትሆን። በነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «እትዬ» ነው የምትባለው፤ አብረዋት የሚማሩት ልጆች ታናናሽ እህትና ወንድሞቿ ቢሆኑ ያምርባቸዋል። አንዱ ስም ለሹፈት፣ ሌላው ለአክብሮት የወጣ ነው። እሷ ግን ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ «አቤት» ትላለች፤ ሹፈትን ከአክብሮት ለመለየት የሚተርፍ ጉልበት የላትም።

ጠዋት የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ከቀትር በኋላ ቤቷ ገብታ የልጇን ደብተር ታያለች፣ ልብስ ትዘፈዝፋለች፣ ለራት የሚሆነውን ጥዳ ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች። የቀረው ጊዜ የአውቶቡስ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ታነባለች፤ ብዙ ጊዜም ቆማ ትተኛለች። አንድ ቀን ግንባሯን የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰውዬው ሳይነቃነቅ ቆይቶ ቆይቶ በመጨረሻ በቀስታ፣ «እህቴ፣ እኔ እዚህ ጋ ነው የምወርደው፤ አንቺስ?» አላት። የሷ መውረጃ ካለፈ ቆይቷል። እሱን ይቅርታ ጠይቃ፣ ወርዳ፣ መንገዱን በእግሯ ተመለሰችው።

ለመማር ስታስብ የመጀመሪያው ጥያቄ የክፍያው ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ደሞዙ ለቤት ወጪ፣ የሷ ደግሞ ለልጅቷ ትምህርት ቤትና ለመብራት ለውሃ ተመድቦ ያልቃል፤ ከሁለቱም ላይ የሚነካ ነገር የለም። ባልና ሚስት ይህንን ጉዳይ እያነሱ ሲጥሉ ከረሙ። አንድ ቀን አማቷ፣ ቤቱ የሳቸው የሆነው አሮጊት፣ ከጓዳ በኩል ካለችው ክፍላቸው ብርድ ልብሳቸውን እየጎተቱ ወጡና ሳሎን መሃል ጣሉት።

«ክፍሌን አከራዩት» አሉ። «በየቀኑ ይህንኑ ስትጨቃጨቁ መስማት ታከተኝ።»

ልጃቸው አይሆንም አለ፤ ግን አይሆንም ያለው እንደ ወጉ ነው እንጂ አጥብቆ አልነበረም። ክፍሏ መስኮት ያላት፣ የራሷ መግቢያ ያላት፣ ጠዋት ፀሐይ የምታገኝ ክፍል ናት፤ ተከራይ ወዲያው ተገኘላት። የአማቷ አልጋ ሳሎን ገባ። ሳሎኑ ውስጥ አልጋ የሚያስገባ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በር ሥር። ሰው ሲገባ ንፋስ ይገባል፣ ሰው ሲወጣም ንፋስ ይገባል። አማቷ ከነነጠላቸው ተኝተው ለገባ ለወጣው ሁሉ «በሩን!» ይላሉ። ሰላምታቸው እሱ ሆኗል።

ባሏ ያን ሰሞን አንድ ነገር ተናገራት። በቁጣ አልነበረም፤ የእናቱን አልጋ እያየ ነው የተናገረው።

«እሺ፣ ተማሪ። አንድ ትምህርት ከወደቅሽ ግን በቃ። ተከራዩ ይወጣል፣ እናቴ ክፍሏ ትመለሳለች።»

እሷም አልጋውን አየችና እሺ አለች። ክፉ ነገር የጠየቃት አልመሰላትም።

እንግዲህ በአልጋ ማንጠፍ ትወድቃለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የተግባር ፈተናው በሽተኛው ከላዩ ሳይነሳ አልጋውን መቀየር ነበር። ልጆቹ ከበር ውጭ ቆመው ጥፍራቸውን ሲበሉ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ያን ቀን ሆቴሉ የስብሰባ እንግዶቹን ሸኝቶ ስለነበር ከወትሮው እጥፍ አልጋ አንጥፋ ነው የመጣችው። ስሟ ሲጠራ ገባች፤ በሽተኛ ሆና የተኛችውን ተማሪ በጎኗ አስተኛቻት፣ የቆሸሸውን አንሶላ ጠቅልላ ወደ መሃል ገፋችው። ከዚያ ንጹሑን አንሶላ በሁለት ጫፉ ይዛ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አራገፈችው። አንሶላው በአየር ተነፍቶ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ልክ በቦታው አረፈ፤ አንድ መጨማደድ የለው። ከጀርባዋ፣ ከበሩ በኩል፣ አንዱ ልጅ «ውይ» አለ በአድናቆት።

መምህሯ ዕድሜያቸውን በሆስፒታል የጨረሱ ነርስ ናቸው። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አበቃ። ወድቀሻል።»

«ምን አጠፋሁ ሲስተር?»

«አራገፍሽው።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አንሶላ ሲራገፍ ያለበት ቆሻሻ ይቦንና የጎረቤቱ በሽተኛ ቁስል ላይ ያርፋል። ይህንን በጽሑፍ ፈተናው ተጠይቃ በትክክል መልሳዋለች። አፏ ያውቀዋል፤ እጇ ነው ያልተማረው። ወይም እጇ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ነገር፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት ተምሮ ጨርሷል። መምህሯ ድጋሚ ፈተና እንደሚሰጧት፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። እዚያም ከወደቀች ትምህርቱን ወደቀች ማለት ነው።

ባሏ መንገድ ላይ ነበር፤ ሲደውል ደህና ነን አለችው። በማግስቱ ሆቴል ውስጥ ሳታራግፍ ለማንጠፍ ሞከረች። አንሶላውን እንደታጠፈ ፍራሹ ላይ አስቀምጣ፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ እየከፈተች፣ በመዳፏ እያስተካከለች ሄደች። የክፍሎቹ ተቆጣጣሪ ሴትዮ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ለጥቂት ጊዜ አየቻት።

«ምነው ሲስተር፣ እንግዳው ታሟል እንዴ?»

ሌሎቹ አጽጂዎች ሳቁ። ተቆጣጣሪዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ክፍሎቹ ከእንግዶቹ መግቢያ ሰዓት በፊት ማለቅ አለባቸው። አራግፊው አለቻት። አራገፈችው። ያን ጠዋት ሙሉ፣ በነጋታውም፣ ከዚያ በኋላም አራገፈችው። ማታ ላስተምረው ያለችውን እጅ ቀን ቀን እንጀራዋ መልሶ ያስረሳዋል።

ቤት ውስጥ ትራስ አስተኝታ ስትለማመድ አማቷ ከአልጋቸው ሆነው ያዩዋት ነበር።

«ትራሱን ምን አርግ ነው የምትዪው?»

ተቀምጣ ነገረቻቸው። መውደቋን፣ የቀራትን አንድ ዕድል፣ ባሏ ያላትን። ነገሩን ስትጨርስ ደክሟት ስለነበር ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ፤ «ብወድቅ እርስዎም ወደ ክፍልዎ ይመለሱ ነበር» አለች።

ከጓዳ በኩል የተከራዩ ሬዲዮ ይሰማል። አማቷ ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ በሩን ሲያዩ፣ እንደገና ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ።

«ትራስ አይናገርም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ላይ ተለማመጂ። በሽተኛ መሆን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም።»

እንዲህ ተጀመረ። አማቷ ክፉ በሽተኛ ነበሩ። በጎናቸው ስታስተኛቸው ጎትተሽ ልትጥይኝ ነው ይላሉ፤ አንሶላውን ጠበቅ አድርጋ ስታስገባ፣ «ገና አልሞትኩም፣ አትገንዢኝ» ይላሉ። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትታ ትስቃለች። አንሶላው ከፍ ያለ ጊዜ ግን ቀልድ የለም። ክንዷ ከትከሻዋ እኩል ሲደርስ «ብርድ!» ብለው የእጅ አንጓዋን በጣታቸው ቸብ ያደርጉታል። ለአየሩ ቆሻሻ ደንታ የላቸውም፤ እሳቸው የሚያውቁት ብርድን ነው። ከበሩ የሚመጣው አንሶ አንቺ ደግሞ ከላይ ታመጪብኛለሽ ወይ እያሉ ይቆጣሉ። አንዳንድ ቀን እሷ ከመድከሟ የተነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ቀይራ ልትተው ትፈልጋለች። እሳቸው ግን ብርድ ልብሳቸውን ራሳቸው ገፍፈው በጎናቸው ዞረው ይጠብቋታል።

የድጋሚው ፈተና ቀንም ከሆቴል ነው የመጣችው። እግሯ ጫማዋን ሞልቶታል። በሽተኛ ሆኖ የተኛላት፣ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ ቁመተ ረጅሙ ልጅ ነበር፤ እግሩ ከአልጋው ተርፏል። አስጠንቅቃው በጎኑ አዞረችው፣ የቆሸሸውን ጠቅልላ ገፋችው፣ ንጹሑን አነሳች። እጇ ሄደ። ከወገቧ አልፎ፣ ከደረቷ አልፎ፣ ትከሻዋ እኩል ደረሰ።

እዚያ ላይ የእጇ አንጓ ተቆጣ። ማንም አልነካትም፤ ግን ቸብ የተደረገው ቦታ ከሷ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ክንዷ ቆመ። አንሶላው እንደታጠፈ ከፊቷ ተንጠለጠለ። መምህሯ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ናቸው፣ አላስቀመጡም። ቀስ ብላ አወረደችው፣ ከልጁ ጀርባ አስቀመጠችው፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ ከፈተችው። ጨርሳ ልጁን ወደ ንጹሑ በኩል ስታዞረው ሳታስበው፣ «በረደህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ አልበረደኝም እትዬ።»

መምህሯ የአልጋውን ማዕዘኖች በጣታቸው ፈተሹ። ከዚያ አንሶላውን ትተው እሷን አዩ፤ የዓይኗን ቅላት፣ ያበጠውን ቁርጭምጭሚቷን።

«አልፈሻል» አሉ። «ሂጂና ተኚ።»

ሂጂና ተኚ የሚለውን አውቶቡስ ውስጥ ስታስበው ሊያስቃት ምንም አልቀረውም። ደስታዋን ፈለገችው፤ የሆነ ቦታ እንዳለ ታውቃለች፣ ግን እሱም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ተራ ይጠብቃል። ነገ ጠዋት ሆቴል አለ፤ ነገ ደግሞ ማራገፍ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ትጽፋለች። አማቷ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተኝተዋል፣ ዓይናቸው ግን ተከፍቷል። በሩ ላይ እንደቆመች ጠየቋት።

«እህሳ?»

«አለፍኩ እማዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ከሷ ላይ ተነስቶ በጓዳው በኩል ወደ ተዘጋው በር ሄደ፤ ከሥሩ የተከራዩ መብራት ይታያል።

«ተከራዩ ይቆያላ?»

«ይቆያል።»

«እስከ መቼ?»

«እስክመረቅ ነው እማዬ። ገና ነው።»

ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«በይ እንግዲያው በሩን ዝጊው» አሉ። «ብርድ ገባ።»

ዘጋችው። በሩ አርጅቶ ስለነበር በጀርባዋ ካልገፋችው አይገጥምም። ከገጠመም በኋላ ተደግፋው ቆየች፤ ያን ቀን የተደገፈችው ነገር እሱ ብቻ ነበር።