አክስቴ ዘይነባ ያስታመመቻት እናቴ

ፋርማሲ ገብቼ ያቺን ትንሽ የዓይን ቅባት ሳያት አሁንም አንስቼ አገላብጣታለሁ። ለሌላው ሰው መድኃኒት ናት፤ ለእኔ ግን የመካነ ሰላም ሆስፒታል የበረኪና ሽታና የአክስቴ የዘይነባ እጅ ናት።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከከላላ ወዲህ፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ብሎ ነው። አባቴ ጂዳ ነበር፤ እኛን ያሳደጉን እናቴና ታናሽ እህቷ ዘይነባ ናቸው። ሁለቱ ሲስቁ ያላየ ሳቅ አላየም። አንዷ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ ትጨርሰዋለች። እኔና ትንሹ ወንድሜማ ሁለቱንም «እማ» ነበር የምንላቸው፤ ቀድማ «አቤት» ያለችው እናት ትሆናለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴን ተቅማጥ ያዛት። እሱ ተሻላት ስንል እግሬን ደነዘዘኝ አለች። በማግስቱ ከምንጭ ስትመለስ ጉልበቷ ከዳትና ከነጀሪካኗ ወደቀች። ጎረቤቱ ግማሹ ጅን ነው፣ ግማሹ ምች ነው አለ። ዳማከሴ ተጨመቀላት፣ ዱዓ ተደረገላት፤ መስነፉ ግን ከእግሯ ወደ እጇ እየወጣ መጣ። በቃሬዛ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሲያደርሷት ፊቷ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኗም አይከደንም ነበር። ሐኪሙ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነርቮቿን ጠላት መስለውት እየጎዳቸው ነው፣ እስትንፋሷን ካልነካው ግን ቀስ እያለ ይመለሳል አለ። ሰው ከገዛ ገላው ጋር ይጣላል እንዴ ብሎ ጉድ ያላለ የለም።

ሲስተር ሙሉ የምትባል ቁጡ ነርስ ነበረች። ዘይነባን እየተቆጣች አስተማረቻት፤ የእናቴ ገላ እንዳይቆስል ከጎን ወደ ጎን ማገላበጥ፣ በጉልበቶቿ መሀል የታጠፈ ነጠላ ማድረግ፣ ጣቶቿን ማፍታታት፣ በአፍንጫዋ በገባው ቱቦ አጥሚት መስጠት፣ የማይከደን ዓይኗን ቅባት መቀባት። «መናገር አቃታት እንጂ ትሰማለች፤ አጫውቷት» ትለን ነበር። እኛ ማጽናኛ መሰለን። ዓይኗ ፈጦ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ ትሰማለች ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ጁምዓ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሸህ ይማም ሽማግሌዎች አስከትለው ሊጠይቋት መጡ። አይተዋት አለቀሱ። ከዚያ ለአባቴ ደወሉና፣ ሩቅ አገር ላለ ሰው ሲያወሩ እንደሚጮሁት እየጮሁ፣ ራስጌዋ ላይ ቆመው፣ «አብሽር፣ አይዞህ፣ የአላህ ሥራ ነው። ከእንግዲህ ከሷ የሚጠበቅ የለም። ልጆቹ የእንጀራ እናት አያዩም፤ ታናሺቱ አለች፣ እሷን በምትክ ታገባለህ» አሉት። ክፋት አልነበረውም፣ ወላሂ። ሚስት ስትሞት እህቷን መተካት ልጆቹን ከመበተን ያድናል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ዘይነባን ምን ትያለሽ ሲሏት፣ ያጠበችውን ጨርቅ እንደያዘች እንባዋ እየወረደ፣ «ለልጆቿ ስል እሽ» አለች።

እነሱ እንደሄዱ ቅባቱን ስትቀባት ከእናቴ ዓይን እንባ ወረደ። ዘይነባ ቅባቱ ያቃጠላት መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

አጨዳ ሲደርስ የእናቴ ጣት ተንቀሳቀሰ። ዘይነባ ሲስተርን እየጠራች ኮሪደሩን ሮጠችው። ውሎ አድሮ ፊቷም ተመለሰ፣ ቱቦው ወጣ፣ መዋጥ ቻለች። ያን ቀን ዘይነባ ገንፎውን አላልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ማንኪያውን ወደ አፏ ስታስጠጋው እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በዚያ በተጎተተ ድምጿ፣ «ሲስተር ታጉርሰኝ» አለች። ዘይነባ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ሁሉንም ሰምታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባን።

ሽማግሌ ገባ። ሸህ ይማም ራሳቸው ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፉ በይኝ አሏት፤ አፉ አለቻቸው። ዘይነባ ግን፣ «የምትሞቺ መስሎኝ ነው እኮ» አለቻትና ነገሩን አባሰችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቤት ከገባን በኋላ እናቴ ከእህቷ እጅ ውሃ እንኳ አልቀበል አለች፤ ዱላዋን ተደግፋ ራሷ ትቀዳለች። ዘይነባ ዓመት ሳይሞላ ፓስፖርት አወጣች። አባቴ ወዳለበት ሄደች እንዳይሏት ሳዑዲን ትታ ኩዌት ገባች።

ድሮ በዚያ ቤት ሳቅ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ መኪናም ደጃችን ይደርሳል። እናቴ አንድ እግሯን ሳብ ታደርጋለች እንጂ ገበያ ወርዳ ትመለሳለች። ከዚያ አልጋ አገላብጦ ያስነሳት የማን እጅ እንደሆነ ግን አይነሳም። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁና ያንገበግበኛል።

ዘይነባ ሳታገባ ቀረች። ስትደውልልኝ መጀመሪያ «እግሯስ?» ትላለች። ደህና ትሄዳለች እላታለሁ። ቀጥላ፣ «ትጠይቀኛለች?» ትለኛለች። ትጠይቅሻለች ብዬ እዋሻታለሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች።