ከአቡጀዲው ጀርባ

ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ዛሬ ግን ያጠብኩትን አንሶላ ገመድ ላይ ሳሰጣ ፀሐይ ከኋላው አበራችበትና አክስቴ ሩቅያ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ ሲኒማ የሚያሳይ መኪና ቡታጅራ መጥቶ ገበያው መሀል ነጭ አቡጀዲ ወጠረ። ሲመሽ ወንዶቹ ከፊት ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ከአቡጀዲው ጀርባ። ሥዕሉ ጨርቁን አልፎ ይታየን ነበር። ቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ፈረሰኛ ብቅ ሲል ሩቅያ እጄን ጨመቀችው። እኔም እሷም ያን ጊዜውኑ ወደድነው። ሩቅያ በሳምንቱ አይታው ለማታውቀው ሰው ልትዳር ነበር።

"ያኛውንም እንዲህ አስቀድመው ቢያሳዩኝ ምን ነበረበት?" አለች። ማንን እንደሆነ አልገባኝም።

በማግስቱ ወንድሜ ሳቀብን። "ጠባሳው በግራው ነው! ከጀርባ ሆናችሁ ሁሉን ገልብጣችሁ አያችሁት!"

"የገለበጥከውስ አንተ! ዝም በል!" አለችው ሩቅያ።

ያን ፈረሰኛ ባለፈው ዓመት ዘመድ ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ሲኒማ ቤት ያው የድሮ ፊልም ሲታይ ከፊት ለፊት አየሁት። ወንድሜ ልክ ነበር። ለሩቅያ ግን አልነገርኳትም፤ ወልቂጤ በተዳረች በዓመቱ በወሊድ ሞታለች። በሠርጓ ቀን ፊቷን ሸፍነው መኪና ውስጥ ሲያስገቧት ቀሚሷን ይዤ አለቅስ ነበር። ጎንበስ ብላ ከሻሹ ስር እንዲህ አለችኝ፦

"አታልቅሺ። አንድ ቀን ከፊት ስታዪው፣ ጠባሳው የቱ ጋ እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።"