የአሕመዲን መቶ አርባ

ጎረቤቴ አሕመዲን ከከተማችን ከሐይቅ ዓሣ እየጫነ ውጫሌ መሸጥ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሞተር ሳይክሉም ያችው ናት፤ ቀይ፣ ወንበሯ በላስቲክ የታሰረ፣ ሽታዋ በሳሙና የማይለቅ። እላይዋ ሆኖ አምባሰል ያንጎራጉራል፤ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ከነከብቱ ደህንነቱን ይጠይቃል። በዚህ አካሄድ ውጫሌ መድረሱ ራሱ ይገርመኛል።

ዘንድሮ ግን ስልኩ ላይ የሚያየው የሞተር ቪዲዮ አበላሸው። ስለ ሲሲና ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያነበንብ ጆሯችን ደነቆረ። በመጨረሻም በሰዓት መቶ አርባ የሚሮጥ ሞተር አገኘሁ አለ። «መንገዱን የሞላው በሬና ባጃጅ ሳይፈቅድልህ የት ልትሮጥ ነው?» ብለው፣ «መሃይም!» አለኝ። ተቀየምኩት።

ባለሞተሩ ወንዱ የሚባል የውጫሌ ጎማ ሻጭ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተዋዋሉ፦ አሕመዲን አዲሱን ሐይቅ ድረስ ይሞክረዋል፣ ቀይዋ መያዣ ትሆናለች፤ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ካልመለሰው ልውውጡ ጸደቀ፣ ቀይዋም የወንዱ ሆነች።

አሕመዲን ነጎደ። ለማንም ሰላምታ አልሰጠም፤ እጁን ቢያነሳ ገደል ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሰላም ሳይል የሚከንፍ ሰው መርዶ ይዟል ማለት ነው። ያየው ሁሉ ወደ ሐይቅ ስልክ መታ። ቤቱ ሲደርስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ቅያሜዬን ትቼ እኔም ነበርኩ። ሚስቱ ፈዲላ መሐል ሆና ታለቅሳለች።

«ማን ሞተ?» አለ አሕመዲን ደንግጦ።

«አንተ ነህ እንጂ የምትነግረን» አለች ፈዲላ።

ማንም አለመሞቱን ስታረጋግጥ እንባዋን ጠረገችና የስድብ በር ከፈተች። ሲወጣላት መንገዱ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችው። አሕመዲን አሰበ፣ አሰበና ቆጣሪው መቶ ሃያ መድረሱን ብቻ ነገራት። ሌላ ያየው ነገር አልነበረም። ፊቱ ሲጠቁር አሳዘነኝ።

ሳይቀመጥ፣ ዐስር ሳይደርስ ሞተሩን ሊያስረክብ ወደ ውጫሌ ተመለሰ። ወንዱ ቀይዋ ላይ ተቀምጦ ገበያውን እየዞረ ሲያዜም አገኘው፤ መውረድ አልፈለገም። አሕመዲን እጀታዋን ይዞ ቁልፉን ተቀበለ።

«ለመሆኑ ይቺ ስንት ትሮጣለች?» አለ ወንዱ ቅር እያለው።

«እኔ እንጃ። ቆጣሪዋ ከተሰበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

ሐይቅ የደረሰው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነበር። ማንም እንዳልሞተ ለእያንዳንዱ መንገደኛ እየቆመ ሲያስረዳ ስለመጣ ድምፁ ተዘግቶ ነበር።