አባ ምርቃቱን ያቆሙበት ስብሰባ

ሰው ሰብስቦ ማወያየት እርግማን ነው። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስቀጠር ይህን ማንም አልነገረኝም። ደብረ ታቦር ወስደው ጥቂት ቀን አሰለጠኑኝና፣ ከዚያ ወዲህ በገጠሯ ጤና ጣቢያችን ነዋሪውን ሰብስቦ «በነፃነት ተናገሩ» ማለት የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እንኳን ነዋሪው፣ እኛ ሠራተኞቹስ መቼ በነፃነት ተናግረን እናውቃለን?

የዚያን ቀን ሁሉም እኩል ይቀመጥ ብዬ ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ። ወጣ ብዬ ስመለስ ጥበቃችን ጠረጴዛ አምጥቶ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ የታሸገ ውሃ ደርድሮበታል። «ኃላፊው ከሕዝብ ጋር ተጋፍተው ሊቀመጡ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ወንዶቹ ከፊት ሆኑ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላ ግድግዳ ተደገፉ። ክቡም በዚያው ቀረ።

ከሴቶቹ አንዷ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጠዋት ስመረምራት እያለቀሰች ነግራኛለች። የመጀመሪያ ልጇን እኛው ዘንድ ስትወልድ እናቷን በር ላይ አስቀርተንባት ብቻዋን አማጠች፤ ልጁም ሞቶ ተወለደ። «አሁንም እናቴን ካላስገባችሁልኝ ቤቴ ነው የምወልደው» አለችኝ። ቤቷ ሆና ደም ቢፈሳትስ? የሚከለክለው የኃላፊያችን ትእዛዝ ነው፤ እኔ በለመንኩት ቁጥር መልሱ «ይታያል» ነው።

«ከሰዓት ስብሰባው ላይ ተናገሪ» አልኳት።

«በማን ፊት?» አለችኝ።

ኃላፊው ለመክፈቻ ብሎ የሰዓቱን ግማሽ በላው። እናቶች ጤና ጣቢያ መጥተው የማይወልዱት በግንዛቤ እጥረት ነው አለ። ኤዲያ! «አስተያየት?» ስል አንዱ ገበሬ ተነስቶ ጤና ጣቢያውን አመሰገነ፤ ሌላው ተነስቶ ያመሰገነውን አመሰገነ። ነፍሰ ጡሯን አየኋት፤ አቀረቀረች። «እናቶችስ?» አልኩ። ነጠላቸውን ይበልጥ ሳብ አደረጉ። «እናቶች!» አልኩ። አንዱ ከፊት ሆኖ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» ብሎ አሳቃቸው። ደሜ ፈላ።

ይሄኔ ኃላፊው ሰዓቱን አየና የደብሩ ቄስ አባ በምርቃት እንዲዘጉ ጋበዛቸው። በእኛ አገር ምርቃት ከተጀመረ አለቀ፤ ከአሜን በኋላ ወሬ የለም። ሁሉም ተነሳ። አባ አገሩን መረቁ፣ እህሉን ከብቱን መረቁ። «ወላዶችን በሰላም ይገላግልልን» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። ያ አሜን አንጀቴን አሳረረው።

«ችግሯን ሳትናገር እንዴት ብሎ ይገላግላታል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጉድ ፈላ። ምርቃት ላይ ካህን የሚያቋርጥ ማን አለ? ከፊት «ምን ነካት?» ሲባል ሰማሁ። አባ ግን መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ ሴቶቹ ዞር አሉ።

«ማናት? በይ ልጄ፣ ተናገሪ። አንቺ ሳትናገሪ ምርቃቱን አልጨርሰውም።»

ምርቃት ሳያልቅ ማን ይወጣል? ኃላፊው እንኳ የመኪና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እያንቀጫቀጨ ቆመ።

ቀስ ብላ ተናገረች። እናቷ በር ላይ መቅረታቸውን፣ ብቻዋን ማማጧን፣ ልጇን። የሳቁት ወንዶች መሬት መሬት አዩ።

«ተቀብለናል። ይታያል» አለ ኃላፊው።

«ጌታው፣ ይታያል ስትሉ እኔ ከመውለዴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ማንም አልሳቀም። አባ ኃላፊውን ትክ ብለው አዩት። «እሺ፣ ይግቡ» አለ፣ ፊቱ ደም ለብሶ። አባም ምርቃታቸውን ጨረሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ምጧ መጣ። እናቷን ራሴ አስገባኋቸው። ወገቧን ደግፈው ማርያም ማርያም ሲሉ ዋሉ፤ እሷም እጃቸውን ይዛ አማጠች። ሕፃኗ ስታለቅስ አያትየው እልልታውን አቀለጡት። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የማዋለጃው በር ተንኳኳ። ብወጣ ኃላፊው ነው።

«ምን ጩኸት ነው? እኚህን ሴትዮ ማን አስገባቸው?»

«እርስዎ» አልኩት።

«እኔ? መቼ?» አለኝ። የምሩን ነበር።