ኦሊቃ ባሌስትራ እና የልጁ ስም

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር። ከዚያ ባነር ላይ «የወደፊቱ» የሚለው ቃል ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።

አዳማ ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ጋራዦቹ አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒና ባነር ቤት አለኝ። ጋሼ ኦሊቃ ጫምሳ፣ የመኪና ግራሶ በነካት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ያመጣልኝ «እንኳን ደስ ያለህ የወደፊቱ ዶ/ር ጋሮምሳ ኦሊቃ» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ፊደል አሳንሼ ማተም አልወድም። «ጋሼ፣ ይቺ 'የወደፊቱ' የምትባለዋ ቦታ ትፈጃለች። ትውጣና ስሙ ጎላ ይበል» አልኩት። «እሺ፣ ትውጣ» አለ። እንዲህ ሆኖ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ገና የዩኒቨርሲቲ በር ሳይረግጥ፣ በሦስት ሜትር ባነር ላይ ዶክተር ሆኖ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ተሰቀለ።

ጋሼ ኦሊቃን የማያውቀው የለም፤ «ኦሊቃ ባሌስትራ» ነው የሚባለው። ባሌስትራ ከመኪና ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው፤ ሲሰበር እሱ ጋ ይመጣል። በአሥር ዓመት ቢበልጠኝም «አንቱ» ያልኩት ቀን ይቆጣል፤ «ዕድሜ አትጨምርብኝ» ይለኛል። ያደገው ሁሩታ ነው። አባቱ ሲሞቱ እርሻው በእሱ ላይ ወደቀና ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆመ። ታናናሾቹ ለሞፈር ሲደርሱ እህል በጫነ አይሱዙ ተሳፍሮ ወደ አዳማ ወረደ፤ መኪናው ከተማ ሊገባ ሲል ባሌስትራው ተሰበረ። ሲጠገን ቁጭ ብሎ ሲያይ የዋለው ልጅ እዚያው ጋራዥ ቀረ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ትምህርት ያቋረጠ ሰው ወረቀት ያከብራል። ጋሮምሳ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያመጣውን ካርድ ሁሉ ጋሼ ኦሊቃ እኔ ጋ እያመጣ በላስቲክ አስለብሶታል። አንዴ የክትባት ካርዱን ሁሉ አምጥቶልኛል። «ይሄ ደግሞ ለምን?» ስለው «አንድ ቀን ይጠየቅ ይሆናል» አለ። እንግዲህ ያ ልጅ ብዙ ተማሪ በወደቀበት በዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲያልፍ አባቱ ምን ይሁን? እሑድ ቸርች ውስጥ ተነሥቶ «ጌታ ለቤቴ ሐኪም ሰጠኝ» ብሎ መሰከረ፤ ምእመኑም አሜን አለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እዚያ አልነበርኩም፤ ግን አሜኑ እኔ ሱቅ ድረስ ተሰምቷል ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሮምሳ የሚል ሰው ጠፋ። ባለሱቁ መሐመድሰዒድ «ዶክተር፣ ዳቦ ስንት ላርግልህ?» ይለዋል። ጎረቤታቸው እማማ ሽታዬ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው ይመጡና «ዶክተርዬ፣ የቱን ነው የማስቀድመው?» ይሉታል። አባቱማ ለይቶለት ነበር፤ «ዶክተር፣ ውሃ አቀብለኝ»፣ «ዶክተር፣ ጫማዬን»። ልጁ መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በየካቲት ለሴሚስተር ዕረፍት ሲመጣ ከስቶ መጣ። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ሲነሣ ስልኩ ላይ ነው። ጋሼ ኦሊቃን ያንገበገበው ግን ሌላ ነበር። አንድ ከሰዓት ሱቄ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ዘገዬ፣ ልጄ ተበላሸብኝ። ስጠራው አቤት አይልም» አለኝ። እኛ ሰፈር አባቱ ሲጠራው አቤት የማይል ልጅ አለ ከተባለ ነገሩ ቀላል አይደለም። ጫት ነው አልን፤ አይደለም። ጓደኛ ነው አልን፤ ጓደኛም የለው። ስልኩን ረገምን። እኔም የተቻለኝን ያህል መከርኩት፤ ምክር በነፃ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይሰጣል።

አንድ ምሳ ላይ ልጁ ቁርጡን ተናገረ። «አልመለስም። ትምህርት አስጠልቶኛል።» ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፤ ካልተመዘገበ ቦታው ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ልፋትም አብሮ። እናቱ ኤቢሴ ጾም ጸሎት ያዘች። ፓስተሩ መጥተው መከሩ፣ ከሁሩታ አጎቱ መጥቶ ቆጣ፤ ልጁ ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ሰማና ተመልሶ ተኛ።

በመጨረሻ ጋሼ ኦሊቃ በራሱ መንገድ መጣበት። «ትምህርት ካስጠላህ ብረት ያዝ!» ብሎ ጋራዥ ወሰደው። በልቡ «ሦስት ቀን መዶሻ ያንሣ፤ መጽሐፉ ይናፍቀዋል» ብሎ ነበር። ነገሩ ግን ተገለበጠ። ልጁ እጁ እስኪላጥ ሠራ፤ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ተሣሣቀ። ጋሼ ኦሊቃ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም።

በአራተኛው ቀን ከሞጆ የመጣ አንድ ደንበኛ ሹፌር ገባ። ባነሩን አይቶ ኖሯል። ጋሮምሳን ከመኪና ሥር ሲወጣ ሲያየው «እንዴ! ዶክተር! ዘንድሮ የታመመው መኪናው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ኦሊቃም ሳቀ። ልጁ የያዘውን ቁልፍ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በናፍጣ ታጠበና ማንንም ሳያይ ወጥቶ ሄደ።

ጋሼ ኦሊቃ ያን ጊዜ ነው የልጁን ፊት ያየው። ቱታውን ሳያወልቅ ተከተለው። አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ካለው የግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

«ለምን አቤት አትለኝም?» አለው። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ይህን ነው።

«አባዬ፣ አንተ እኔን ጠርተኸኝ ታውቃለህ?» አለ ልጁ።

ጋሼ ኦሊቃ አልገባውም። ልጁ ቀጠለ። «ዶክተር ስትሉኝ ማንን እንደጠራችሁ ዞር ብዬ አያለሁ። እኔ ፍሬሽማን ነኝ። ገና የትምህርት ክፍል እንኳ አልመረጥኩም። በመጀመሪያው ፈተና ኬሚስትሪ ከግማሽ በታች አመጣሁ። ዶርም ያሉት ልጆች ያልገባቸውን ይጠያየቃሉ፤ እኔ አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ከዚያ ደብተር ስከፍት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይታየኛል። መክፈት ተውኩ። እማማ ሽታዬ ባለፈው መድኃኒቱን ልተወው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው ለድኻ ጊዜ የለህም ብለው አለቀሱ። እውነቴን እኮ ነው አባዬ፣ አላውቅም!»

«ታዲያ ትምህርቱን ጠልተኸው ነው?»

«መውደዴንም መጥላቴንም አላውቅ። የማይበት ፋታ አላገኘሁም።»

ጋሼ ኦሊቃ ሱቄ ተቀምጦ ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። «አዲስ ባሌስትራ ገጥሜ ሹፌሩ በዚያው ቀን ከልኩ በላይ ቢጭንበት እንዴት እንደምሰድበው ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። «ልጄ ላይ ግን ራሴ ጫንኩበት።» «የወደፊቱ» የሚለው ቃል ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

እሱ ግን ዓይኑን ጠርጎ «ሌላ ባነር አትምልኝ» አለ።

«ምን የሚል?»

«ጋሮምሳ ዶክተር አይደለም።»

ሳቄን በጥርሴ ያዝኩት። «ጋሼ፣ ይሄማ ልጁን ከአዳማ ያስወጣዋል። በአፍ የተበላሸ በአፍ ነው የሚቃናው። ተነሥ፣ አብረን እንሂድ።» ሱቁን ዘጋሁና ወጣን፤ እኔም አለሁበትና።

መሐመድሰዒድ ጋ ጀመርን። «እኔ እኮ ለክብር ብዬ ነው!» አለ ደንግጦ። «አውቃለሁ ወንድሜ። ከእንግዲህ በስሙ ጠርተህ አክብርልኝ» አለው ጋሼ ኦሊቃ። መሐመድሰዒድ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እሺ አለ። ያ ቀላሉ ነበር። እማማ ሽታዬ ተቆጡ። «ታዲያ መድኃኒቴን ማን ሊያነብልኝ ነው?»

«ጤና ጣቢያ ሲስተር የሺዓለም አለችልዎ» አላቸው ጋሼ ኦሊቃ። «በባጃጅ የምወስድዎ እኔው ነኝ።»

«ቆይ፣ ልጁስ ምን ሊሆን ነው?»

«አላውቅም እማማ።»

«አባት ሆነህ አታውቅም?»

«አላውቅም» አለ ጋሼ ኦሊቃ። ይህ ሰው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ከሹፌር ጋር ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። በዚያች ቀን ብቻ በአሥራ አንድ ቤት አላውቅም አለ። ከቤት ቤት እየቀለለው ሲሄድ አየሁ።

እሑድ «ብቻዬን አልችልም፣ ና» ስላለኝ ቸርች ድረስ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጁ ቤት ተኝቷል። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ኦሊቃ ማይክ ያዘ። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ጌታ ሐኪም ሰጠኝ ብዬ መስክሬአለሁ። ጌታ እንዲህ አላለኝም። እኔ ነኝ የቀደምኩት። ጌታ የሰጠኝ ልጅ ነው። ስሙ ጋሮምሳ ነው። እባካችሁ፣ በስሙ ጥሩልኝ።» ከዚያ ከፊት አንዲት እናት «አሜን» አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አሜኑ የመጀመሪያውን ያህል አልጮኸም፤ ግን እንባ ያዘለ ነበር። ኤቢሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቀረች።

ቤት ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ኢልመ ኮ፣ ይቅር በለኝ» አለው በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ይህችን ሴሚስተር ሞክራት። ካልሆነችልህ ተመለስ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ጋራዡም አለ። ቁጭ ብለን እንመክራለን። ከወደቅህም ለእኔ ንገረኝ፣ አልቆጣም።» ልጁ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ተአምር ወዲያው አልመጣም። ሁለት ቀን ደግሞ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ መሐመድሰዒድ «ጋሮምሳ፣ ትኩሱ አሁን ነው የመጣው» አለው። ሲመለስ እማማ ሽታዬ ከበራቸው ሆነው «አንተ ጋሮምሳ! ጎረምሳ ሆነህ የምትገተረው ለምንድን ነው? ና ይሄን ጀሪካን አስገባልኝ!» ብለው ጮኹበት። ሦስት ጀሪካን ውሃ አስገባላቸው። ከሱቄ በር ሆኜ አየሁት፤ ልጁ እየሳቀ ነበር። በክብር ሲጠራ ሳቁ የጠፋበት ልጅ በቁጣ ሲታዘዝ ሳቀ።

ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው እኔ ጋ መጣ። «ጋሽ ዘገዬ፣ ይቺን ፕሪንት አድርግልኝ» አለ። የውጤት ወረቀቱ ነበር። አየሁት፤ ምን እንደሚል ግን አልናገርም፤ ምላሴን ገርቼዋለሁ። ሆኖም ልማድ አይለቅም፣ «ምን ልትማር አሰብክ?» አመለጠችኝ።

«አላውቅም» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «መጀመሪያ ያልገባኝን ኬሚስትሪ ልጠይቅ።»

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘነው። ጋሼ ኦሊቃ የልጁን ብርድ ልብስና ሻንጣ በአንድ ላይ ጠቅልሎ፣ በጋራዥ ገመድ ጥፍር አድርጎ አስሮ መጥቷል። የጠቀለለበትን ላስቲክ ሳየው ደነገጥኩ። ያ ባነር ነው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጎታል፤ ከውጭ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። «ጥሩ ላስቲክ ነው፣ ዝናብ አያስገባም» አለኝ።

ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃ ይደረድራል። ጥቅሉን አነሣና «ይሄ የማን ነው? የማን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ኦሊቃ አፉን ከፈተ። ከባነሩ ወዲህ «የማን ነው?» ሲባል «የዶክተር» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ሊለው ነው ብዬ እጁን ያዝኩት፤ እሱ ግን እጄን አስለቀቀኝና አንገቱን ቀና አድርጎ «የጋሮምሳ!» አለ። ባሌስትራ ሲደበድብ ከርሞ ጆሮው ስለደከመ መናገሩ ሁልጊዜ ጩኸት ነው፤ መናኸሪያው ሁሉ ሰማው።

ልጁ የተጠራ መስሎት መስታወቱን ገፋ አድርጎ ጭንቅላቱን አወጣ።

«አቤት፣ አባዬ!»

ጋሼ ኦሊቃ ከንፈሩን ነክሶ እጁን አወዛወዘ። «ምንም» አለ። «ምንም፣ ጋሮምሳ። ሂድ።»